ፒኤችፒ ላይ የአማርኛ ስም ሲቆረጥ ይበላሻል፣ ሰንጠረዡም አይሰለፍም (የእድር መዝገብ)

አዘዞ_ኮደር፦
ሰላም እንዴት ከረማችሁ። እዚህ አዘዞ የሰፈራችንን እድር መዝገብ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር እያዛወርኩ ነው፣ የምጽፈው በፒኤችፒ ነው፣ ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል። ሥራው ራሱ ያን ያህል አይደለም፣ የአባሉ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የወር መዋጮ፣ ውዝፍ ካለም ውዝፍ፣ ከዛ ደረሰኝ ማተምና ወር ሲደርስ ኤስኤምኤስ መላክ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ሳስገባ ሁሉም ይሠራል፣ አማርኛ ሲሆን ግን ነገሩ ይቀየራል። ስም እንዳይረዝም ብዬ በሳብስትር (ጽሑፍ በሚቆርጠው ፈንክሽን) 20 ላይ ሳስቆርጠው 6 ፊደል ብቻ አሳይቶ መጨረሻው ላይ ጥቁር ዳይመንድ ውስጥ ያለ የጥያቄ ምልክት ይለጥፋል። በስትር_ፓድ (ክፍት ቦታ በሚሞላው) 20 ሞልቼ ብሩን ቀጥሎ ሳስቀምጥ ደግሞ ብሩ አንዱ ጋ ወደ ግራ ይሸሻል ሌላው ጋ ስሙ ላይ ይጣበቃል። ለስልክ የሚሄደው ጄሰን (ዳታው የሚላክበት ጽሑፍ) ለአንዳንድ አባል ባዶ ነው የሚመጣው። ደረሰኝ ማተሚያው ደግሞ ጭራሽ በቻይንኛ ያትምልኛል። የእድሩ ዳኛ ለመስቀል እንዲደርስ ይፈልጋሉ፣ ከየት ልጀምር?

ማራኪ_ላብ፦
ወንድሜ ከማተሚያው ውጪ ያሉት ሦስቱ አንድ በሽታ ናቸው። ርዝመት የሚለካው ስትርለን፣ ሳብስትር፣ ስትር_ፓድ ፊደል የሚባል ነገር አያውቁም፣ የሚቆጥሩት ባይት ነው፣ ኮምፒውተሩ ጽሑፍ የሚያስቀምጥበትን ትንሹን ክፍል። ለዓለም ፊደል ሁሉ ቁጥር የሚሰጥ ዩኒኮድ የሚባል ገበታ አለ፣ የኛ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው የገባው፣ ቦታው በሄክስ (በ16 መሠረት በሚጻፍ ቁጥር) ከ1200 እስከ 137ኤፍ ነው፣ ያንን ቁጥር ወደ ባይት የሚለውጠው ዩቲኤፍ-8 ደግሞ ከ0800 እስከ ኤፍኤፍኤፍኤፍ ያለውን ሁሉ በ3 ባይት ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ጎንደር ብትል 4 ፊደል 12 ባይት ነው፣ ሰላም 3 ፊደል 9 ባይት ነው። አንተ 20 ስትለው 6 ፊደል 18 ባይት ሄደ፣ የቀረው 2 ባይት የሰባተኛው ፊደል ስባሪ ነው፣ ዳይመንዱ እሱ ነው። በመሀል ክፍት ቦታ ካለ ክፍት ቦታው 1 ባይት ስለሆነ ስባሪው 1 ባይት ይሆናል፣ ያው መሰበሩ አይቀርም። እህል በቁና የሚሰፍር ሰው ፍሬውን አይቆጥርም፣ ሳብስትርም እንደዛው ነው፣ መስፈሪያው ሌላ ነው።

ጄሰኑም ከዚሁ ነው የመጣው፣ ጄሰን_ኢንኮድ የተሰበረ ዩቲኤፍ-8 ካገኘ ሙሉውን ትቶ ፎልስ (አልሆነም) ይመልሳል፣ አንድ አባል ስሙ ስለተሰበረ ሙሉ ዝርዝሩ ሳይመጣ ሊቀር ይችላል። ጽሑፍን ለድረ ገጽ የሚያዘጋጀው ኤችቲኤምኤል_ስፔሻልቻርስም ከፒኤችፒ 8.1 በፊት ባለው ነባሪ አሠራሩ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲያገኝ ባዶ ነው የሚመልሰው። ጄሰን ላይ የተሰበረውን በምልክት ተካልኝ የሚል አማራጭ ከ7.2 ጀምሮ አለ ግን እሱን አትጠቀም፣ በሽታውን ይደብቅብሃል።

ኤምቢስትሪንግ የሚባለውን የፒኤችፒ ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ ክፍል) አብራ፣ አብሮ ስለማይበራ ሰርቨርህ ላይ መኖሩን አረጋግጥ። ከዛ ኤምቢ_ስትርለን፣ ኤምቢ_ሳብስትር እያልክ ቀይር፣ እነዚህ ፊደል ነው የሚቆጥሩት።

ፒያሳ_ኔት፦
እኔ የማልገባው ነገር፣ ስሞቹን በእንግሊዝኛ ፊደል ብታስገባቸው ይሄ ሁሉ ጣጣ አይኖርም። እኛ ሱቅ ሲስተሙ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ደረሰኙም ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ማተሚያውም አያስቸግርም። ለመስቀል መድረስ ከፈለግህ አጭሩ መንገድ ይሄ ነው።

ቀሃ_ዳር፦
@ፒያሳ_ኔት ወንድሜ ለሱቅ ዕቃ ይሆናል፣ ለእድር አይሆንም። ደረሰኙን የሚቀበሉት እኮ እናቶችና አባቶች ናቸው፣ ብዙዎቹ የሚያነቡት ፊደል ነው፣ ላቲኑን የሚያነብላቸው ልጅ ፍለጋ ሊዞሩ ነው። ደሞ በላቲን ስትጽፈው ተ እና ጠ ሁለቱም በቲ፣ ከ እና ቀ ሁለቱም በኬ ይሆናሉ፣ ሌላው ቀ ን በኪው ይጽፋል፣ አንዱን ሰው ሦስት ጸሐፊ ሦስት ዓይነት አድርጎ ይመዘግበዋል። እድር ሰው ሲሞት ስሙ የሚጠራበት መዝገብ ነው፣ ስሙ በትክክል መጻፍ አለበት። የፕሮግራሙ ችግር የሚፈታ ነገር ነው፣ እንፍታው።

ማራኪ_ላብ፦
@ቀሃ_ዳር ልክ ነህ። ፒያሳ_ኔት ያለው ፍጥነቱን ብቻ ካየን ነው።

ወደ ሰንጠረዡ ስንመለስ፣ ስትር_ፓድ 20 ስትለው ባይት እየቆጠረ ነው የሚሞላው፣ 3 ፊደል ያለው ስም 9 ባይት ስለሆነ 11 ክፍት ቦታ ይጨምራል፣ ዓይንህ የሚያየው ግን 14 ብቻ ነው። 5 ፊደል ያለው 15 ባይት ነው፣ 5 ይጨመርለታል፣ የሚታየው 10 ይሆናል። 7 ፊደልና ከዛ በላይ ያለው 20 ባይት ስለሚያልፍ ምንም አይጨመርለትም፣ ብሩ ስሙ ላይ የተጣበቀው ለዛ ነው። ፒኤችፒ 8.3 ካለህ ኤምቢ_ስትር_ፓድ አለ፣ እሱን ተጠቀም። ከዛ በታች ከሆንክ ለስትር_ፓድ የምትሰጠው ቁጥር ላይ የስትርለንና የኤምቢ_ስትርለን ልዩነት ጨምርበት፣ 3 ፊደል ከሆነ 20 ሲደመር 6 ማለት ነው፣ ልክ ይመጣል። መስመር የሚሰብረው ወርድራፕም ባይት ቆጣሪ ነው፣ ለአማርኛ መስመሩን ቀድሞ ይሰብርብሃል፣ ከነመቁረጡ ካዘዝከው ደሞ ፊደል መሀል ይቆርጣል።

አዘዞ_ኮደር፦
ተባረኩ። ኤምቢ ያለውን ሁሉ ቀየርኩ፣ ዳይመንዱ ጠፋ፣ ጄሰኑም ሙሉ ይመጣል። ሰርቨሩ 8.1 ስለሆነ ልዩነቱን መደመሩን ነው የተጠቀምኩት። ግን ተርሚናል ላይ ሳየው ሰንጠረዡ አሁንም ፍጹም አይሰለፍም፣ የመጀመሪያውን ያህል ባይሆንም ትንሽ ትንሽ ይዋልላል፣ አንዳንድ ፊደል ደግሞ ጎረቤቱ ላይ ይወጣል። ቁጥሩን አውጥቼ አየሁት፣ ሁሉም መስመር እኩል ፊደል ነው ያለው። ታዲያ ምንድነው?

ዳታ_ልጅ፦
አሁን ሦስተኛው መለኪያ ጋ ደረስክ። ባይት አለ፣ ፊደል አለ፣ ስፋት አለ፣ ሦስቱ ለላቲን አንድ ቁጥር ስለሚሆኑ ነው ሰው ልዩነቱን የማያየው። ፒኤችፒ ላይ ስፋት የሚለካ ኤምቢ_ስትርዊድዝ አለ፣ በስፋት የሚቆርጥ ኤምቢ_ስትሪምዊድዝም አለ፣ ይሄኛው ካዘዝከው ቆርጦ መጨረሻው ላይ ነጥብ ነጥብ ስለሚጨምርልህ ጥሩ ነው። ግን የተሠሩት ለቻይናና ለጃፓን ፊደል ነው፣ እነሱ ጋ ሰፊ ፊደል 2 ቦታ ሌላው 1 ቦታ ነው፣ የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ በስፋት ረገድ ገለልተኛ ተብሎ ስለተመዘገበ ሁሉም 1 ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ለአማርኛ ኤምቢ_ስትርዊድዝና ኤምቢ_ስትርለን አንድ ቁጥር ነው የሚሰጡህ፣ ሞክረው። ተርሚናሉም ለያንዳንዱ ፊደል አንድ ሳጥን ይመድባል፣ ነገር ግን የተርሚናል ፎንት አብዛኛውን ጊዜ ግዕዝ የለውም፣ ከሌላ ፎንት ይዋሳል፣ የተዋሰው ፎንት ደግሞ እኩል ስፋት የለውም፣ ጠ እና ጨ ከነ እና ከገ በጣም ይሰፋሉ። ጨ ን በአንድ የላቲን ሳጥን ሲጭነው ወይ ይቆረጣል ወይ ጎረቤቱ ላይ ይወጣል።

ለዚህ በኮድ መፍትሄ አትፈልግ፣ የለውም፣ ችግሩ ሥዕሉ ላይ ነው። ተርሚናል ላይ ለራስህ ለማየት ከሆነ የአማርኛውን ዓምድ መጨረሻ አድርገው፣ ቁጥሩ ይቅደም፣ የቤት ቁጥር፣ ብር፣ ውዝፍ፣ ከዛ ስም። ስሙ ቢሰፋም ቢጠብም ከኋላው የሚገፋው ዓምድ የለም። ለሰው የሚታይ ከሆነ በኤችቲኤምኤል ሰንጠረዥ አውጣው፣ ብራውዘሩ በፒክስል ነው የሚለካው፣ አንተ መቁጠር የለብህም።

ፓይተን ለምትጠቀሙ ደግሞ፣ ከፓይተን 3 ጀምሮ፣ ማለት ከ2008 ወዲህ፣ ርዝመት የሚለካው ለን ፊደል ነው የሚቆጥረው፣ ሰላም 3 ነው፣ ኢንኮድ ስታደርገው (ወደ ባይት ስትለውጠው) ነው 9 የሚሆነው። ግን በክፍት ቦታ የሚሞላው ኤልጀስትም በስፋት አይሞላም በፊደል ነው፣ ስለዚህ የመዋለሉ ነገር እዛም ያው ነው። ዊንዶውስ ላይ ፋይል ለመክፈት ኦፕን ስትሉ ኢንኮዲንግ (የፊደል ገበታ) ካልሰጣችሁት የማሽኑን ነባሪ ይወስዳል፣ ብዙ ጊዜ 1252 የሚባለውን የምዕራብ አውሮፓ ገበታ፣ አማርኛ ሊጽፍ ሲል ቻርማፕ የሚል ስህተት አውጥቶ ይቆማል። 3.15 ላይ ነባሪው ዩቲኤፍ-8 እንዲሆን ተወስኗል፣ እስከዛ በየኦፕኑ ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ ጻፉ።

ጥገና_አራዳ፦
የማተሚያውን ለኔ ተዉት፣ እዚህ አራዳ ገበያ ዙሪያ በየቀኑ የማየው ነው። 58 ሚሊ ሜትር ቴርማል ማተሚያ ነው አይደል? እነዚህ ከፋብሪካ ሲወጡ ብዙዎቹ የቻይንኛ ሞድ በርቶ ነው የሚመጡት፣ ሁለት ሁለት ባይት እየወሰዱ አንድ የቻይና ፊደል ያደርጉታል። አንተ ሁለት የአማርኛ ፊደል ስትልክ 6 ባይት ነው፣ እሱ 3 የቻይና ፊደል ያትምልሃል፣ እንጂ ማተሚያው አልተበላሸም። በሄክስ 1ሲ 2ኢ የሚለውን ትዕዛዝ ብትልክለት የቻይንኛው ሞድ ይጠፋል፣ ግን ደስ አይበልህ፣ ያን ጊዜ ደግሞ እያንዳንዱን ባይት ለብቻው የላቲን ምልክት አድርጎ ያትመዋል። ውስጡ ያለው የፊደል ገበታ ላይ ግዕዝ የለም፣ በሶፍትዌር የምታስገባው ነገር አይደለም።

የሚሠራው ደረሰኙን ሥዕል አድርጎ መላክ ነው። የ58ቱ ማተሚያ በአንድ መስመር 384 ነጥብ ነው ያለው፣ ላቲኑን በ12 ነጥብ ስለሚያትም 32 ፊደል የሚባለው ከዛ ነው የመጣው። አንተ 384 ፒክስል ስፋት ያለው ጥቁርና ነጭ ሥዕል ሥራ፣ ጂዲ የሚባለው የፒኤችፒ ኤክስቴንሽን ይበቃሃል፣ ፎንቱን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይ አቢሲኒካ አድርግ፣ ከዛ ጂኤስ ቪ 0 በሚባለው ትዕዛዝ ላክ፣ በመስመር 48 ባይት ማለት ነው 384 ለ8 ሲካፈል። ሁሉም የኢኤስሲ ፖስ (የደረሰኝ ማተሚያዎች የጋራ ትዕዛዝ) ማተሚያ ነኝ የሚል ማለት ይቻላል ይቀበለዋል። ግዕዝ እንደ ዓረብኛ ፊደል ከፊደል አይቀጣጠልም፣ ስለዚህ ጂዲ ያለ ችግር ይጽፍልሃል።

ዳታ_ልጅ፦
@ጥገና_አራዳ በጣም ጥሩ። አዘዞ_ኮደር፣ እዚህ ላይ ስፋቱን በእውነት መለካት ትችላለህ፣ ጂዲ ላይ ቲቲኤፍ ቢቦክስ የሚባለው ፈንክሽን ጽሑፉ በዛ ፎንት በዛ መጠን ስንት ፒክስል እንደሚሆን ይነግርሃል። ብሩን በቀኝ ለማሰለፍ ከ384 ላይ የብሩን ስፋት ቀንስ፣ እዛ ላይ ጻፍ፣ በቃ፣ ክፍት ቦታ እየቆጠርክ መሙላት አያስፈልግም። ስሙ ከረዘመ ደግሞ ፊደል ቁጥር ላይ አትቁረጠው፣ በኤምቢ_ሳብስትር ከመጨረሻው አንድ አንድ ፊደል እየቀነስክ እስኪገባ ለካ፣ ያን ጊዜ ጠ እና ጨ የበዛበት ስም ቀድሞ ይቆረጣል፣ ነ እና ገ ያለበት ይረዝማል። ወይም አትቁረጠው፣ ሁለት መስመር አድርገው፣ ወረቀቱ እኮ ጥቅል ነው።

ቀሃ_ዳር፦
እኔ ሁለት መስመር ይሁን ባይ ነኝ። የሰው አባት ስም በነጥብ ነጥብ አይቆረጥም።

ማራኪ_ላብ፦
ኤስኤምኤሱ ተረሳ። አንድ ኤስኤምኤስ 140 ባይት ነው፣ ላቲን በ7 ቢት ስለሚታሸግ 160 ፊደል ይይዛል፣ አንድ የአማርኛ ፊደል ከገባበት ግን መልእክቱ በሙሉ ዩሲኤስ-2 ወደሚባለው አጻጻፍ ይቀየርና እያንዳንዱ ፊደል 2 ባይት ይሆናል፣ ስለዚህ 70 ፊደል ነው። ከ70 ካለፈ ደግሞ ለመቀጠያ መረጃ 6 ባይት ስለሚወሰድ በያንዳንዱ ቁራጭ 67 ነው የሚገባው። 71 ፊደል ጻፍክ ማለት የሁለት መልእክት ሂሳብ ከፈልክ ማለት ነው፣ ለእድር ገንዘብ ነው ይሄ፣ በአባል ቁጥር አባዛው። አንተ ስክሪፕቱ ላይ በምን ነው የምትለካው?

አዘዞ_ኮደር፦
ስትርለን ከ70 ከበለጠ ለሁለት ክፈለው ብዬ ነው የጻፍኩት እህቴ። መልእክቱ «የእድራችን ወርሃዊ መዋጮ እስከ እሁድ ይክፈሉ።» የሚል ነው።

ማራኪ_ላብ፦
ይኸው፣ ይሄ መልእክት 29 ፊደል ነው ክፍት ቦታውን ጨምሮ፣ ስትርለን ግን 77 ይልሃል፣ 24ቱ ፊደልና ምልክት በ3 ሲባዛ 72፣ 5 ክፍት ቦታ ሲደመር 77። በአንዱ መልእክት ላይ ስምና የውዝፍ ብር ሁሉ የሚጨመርበት 41 ቦታ እያለህ ለሁለት ትሰብረዋለህ። ኤምቢ_ስትርለን አድርገው። ኢሞጂ የምታስገባ ከሆነ ግን ኢሞጂ የዩሲኤስ-2 ተከታይ በሆነው ዩቲኤፍ-16 ሁለት ቦታ ስለሚይዝ ልኬቱ ጽሑፉን ወደ ዩቲኤፍ-16 ቀይሮ ባይቱን ለ2 ማካፈል ነው። ሌላ፣ አራት ነጥቡን ሰዎች ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ «፡፡» አድርገው ነው የሚጽፉት፣ ዓይን አይለየውም ግን 2 ፊደል ነው፣ «።» ግን 1 ነው። በስትር_ሪፕሌስ ተክተህ አስተካክለው፣ ስትር_ሪፕሌስ በባይት ቢሠራም ዩቲኤፍ-8 ላይ ችግር የለውም፣ ጽሑፍ የሚከፋፍለው ኤክስፕሎድም እንደዛው። ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 ዩቲኤፍ-8ን ሲሠሩት የአንዱ ፊደል ባይቶች በሌላው ፊደል መሀል እንዳይገኙ አድርገው ነው የሠሩት። ስለዚህ ሁሉንም ነገር ወደ ኤምቢ መቀየር የለብህም፣ ሙሉ ጽሑፍ ፈልጎ መተካትና መከፋፈል በባይትም ትክክል ነው፣ የሚያበላሸው በቁጥር መቁረጥና መለካት ነው።

አዘዞ_ኮደር፦
እሺ ይሄ ሌላ ነገር አስታወሰኝ። ስሞቹን ከወርድ ፋይል ስገለብጥ አንዳንዱ መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ ስላለው አርትሪም (ከጽሑፍ መጨረሻ የሚልጠውን ፈንክሽን) በ«።» አድርጌ ነበር የማጸዳው። ብዙው ስም ደህና ነው፣ ፋሲል የሚለው ስም ግን ሁልጊዜ ተሰብሮ ነው የሚገባው፣ አራት ነጥብ ሳይኖረው። ሙሉም ግን ደህና ነው። ለምን ፋሲል ብቻ?

ማራኪ_ላብ፦
ይሄ በጣም ደስ የሚል ጥያቄ ነው፣ በዝርዝር ልመልስልህ። ትሪምና አርትሪም ሁለተኛው ቦታ ላይ የምትሰጣቸውን እንደ አንድ ፊደል አያዩትም፣ እንደ ባይቶች ዝርዝር ነው የሚያዩት። አራት ነጥብ ዩኒኮድ ላይ 1362 ነው፣ በባይት ኢ1 8ዲ ኤ2 ነው። ስለዚህ አንተ ያልከው «ከመጨረሻው ኢ1ም 8ዲም ኤ2ም ካገኘህ ላጠው» ነው። ል ደግሞ 120ዲ ነው፣ ባይቱ ኢ1 88 8ዲ፣ መጨረሻው 8ዲ ነው! ያቺን ላጣት፣ ቀጥሎ 88 ሲያገኝ ቆመ፣ ፋሲ ከነስባሪው ቀረ። ሙሉ የሚያልቀው በሉ ነው፣ የሉ መጨረሻ 89 ነው፣ አይነካውም። ው፣ ግ፣ ፍ፣ ቍም በ8ዲ ነው የሚያልቁት፣ ቢ፣ ኢ፣ ጢ፣ ሢ ደግሞ በኤ2። ስለዚህ ጌታሁን ይተርፋል ጌታቸው ይሰበራል። በአርትሪም ፈንታ ከፊትም ከኋላም የሚልጠውን ትሪም ብትል ኖሮ ደግሞ የሁሉም ስም የመጀመሪያ ባይት ኢ1 ስለሆነ ሁሉንም ከፊት ይሰብርብህ ነበር።

ፒኤችፒ 8.4 ላይ ኤምቢ_ትሪም መጥቷል። አንተ 8.1 ላይ ስለሆንክ በሬጌክስ (በጽሑፍ ቅርጽ) ፈልጎ የሚተካውን ፕሪግ_ሪፕሌስን ከዩ ምልክቱ ጋር ተጠቀም፣ ዩ ከሌለችው ሬጌክሱም ባይት ነው የሚያየው፣ ነጥብ ስትለው የፊደል ሲሶ ነው የሚይዝልህ።

ጥገና_አራዳ፦
ፋሲል ጎንደር ላይ እንዲህ ተሰብሮ መግባቱ ተገቢ አልነበረም 🙂

ዳታ_ልጅ፦
የተሰበሩት ዳታቤዝ ውስጥ ካሉ አሁኑኑ ለይ፣ ኤምቢ_ቼክ_ኢንኮዲንግ ለእያንዳንዱ ስም ፎልስ የሚለውን ያወጣልሃል። ሌላው የዳታቤዙ ግንኙነት ነው፣ ፒዲኦ (ፒኤችፒን ከዳታቤዝ የሚያገናኘው) ላይ ቻርሴቱን (የፊደል ገበታውን) ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ብለህ ስጠው። ማይኤስኪውኤል ላይ ዝም ብሎ ዩቲኤፍ8 የሚባለው እስከ 3 ባይት ብቻ ነው የሚይዘው፣ የኛ ዋናው ፊደል ይገባበታል ኢሞጂ ግን አይገባም፣ በ2021 ዩኒኮድ 14 ላይ የተጨመሩት የጉራጌኛ ፊደሎችም 4 ባይት ስለሆኑ አይገቡም። የዓምዱን ርዝመት ቫርካር 20 ስትል ደግሞ እዛ 20 ፊደል ማለት ነው፣ ባይት አይደለም፣ ስለዚህ ዓምዱን በ3 አታባዛው።

አንድ ነገር ደግሞ ለይታችሁ እዩ፣ አማርኛው የላቲን ኤ ከነጭረቷና ሌላ ምልክት የተደባለቀበት ሆኖ ከወጣ ባይቱ አለ፣ የተነበበው በተሳሳተ ገበታ ነው፣ ይመለሳል። ኤክሴል ሲኤስቪ ሲከፍት እንዲህ ያደርጋል፣ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ኢኤፍ ቢቢ ቢኤፍ የሚሉትን 3 ባይቶች ጻፍለት፣ አማርኛውን በትክክል ይከፍታል። ተራ የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ ካያችሁ ግን፣ ግዕዝ በሌለው የላቲን1 ገበታ በተሠራ ዓምድ ውስጥ ሲገባ ፊደሉ በጥያቄ ምልክት ተተክቶ ነው የተቀመጠው፣ ከዳታቤዙ አይመለስም፣ ደብተሩን አውጥቶ እንደገና መጻፍ ነው። ስለዚህ ደብተሩን እንዳትጥሉ።

መምህር_ዘጎንደር፦
ልጆቼ እንደምን ዋላችሁ። የኮዱን ነገር ባላውቅም በቤተ ክርስቲያናችን የሰበካ ጉባኤ መዝገብ በኮምፒውተር ስላለ ነው የምጠይቀው። ስም ስንፈልግ ግማሹ አይገኝም። ኃይለ ብለው የጻፉት ሀይለ ሲባል አይወጣም፣ ሥላሴ በንጉሡ ሠ እና በእሳቱ ሰ ይለያያል፣ የከተማችንን ስም እንኳ አንዱ ጎንደር አንዱ ጐንደር ብሎ ነው የጻፈው። ጸሐፊው ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል ልለውጠው ይለኛል፣ እኔ አልፈቀድሁም፣ የሰው ስም በተጻፈበት ፊደል መቀመጥ አለበት።

ማራኪ_ላብ፦
መምህር እንደምን ዋሉ። አለመፍቀድዎ ትክክል ነው፣ ስሙን መንካት አያስፈልግም። ጎ በዩኒኮድ 130ኢ ነው፣ ጐ ደግሞ 1310፣ ለኮምፒውተሩ እንደ በ እና ደ የተለያዩ ናቸው፣ ዩኒኮድ ራሱ ባሉት የማስተካከያ ሥርዓቶች አያገናኛቸውም፣ የማይኤስኪውኤል ኮሌሽንም (ፊደል ማነጻጸሪያ ደንቡም) አያገናኝም። ለጸሐፊዎ እንዲህ ይበሉት፣ ስሙ እንዳለ ይቀመጥ፣ ከጎኑ ለመፈለጊያ ብቻ የሚሆን ሌላ ዓምድ ይፍጠር፣ እዛ ላይ ሐን፣ ኀን፣ ኃን፣ ሃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ጐን ወደ ጎ፣ ቈን ወደ ቆ፣ ኰን ወደ ኮ ከነሁሉም እርባታቸው ይለውጥ። ሰው ሲፈልግም የጻፈው ቃል በዚሁ ተለውጦ ይፈለግ፣ የሚታየው ግን ዋናው ስም ይሁን።

ለኮደሮቹ፣ ይሄን ፊደል በሚተካው ስትርቲአር ስትሠሩት በአሬይ (በጥንድ በጥንድ ዝርዝር) ስጡት። ሁለት ስትሪንግ ብቻ ከሰጣችሁት ባይት በባይት ነው የሚለውጠው፣ መዝገቡን በሙሉ ያበላሸዋል።

መምህር_ዘጎንደር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ። አንድ ሌላ፣ የድሮው የአባላት ዝርዝር በድሮ የግዕዝ ፎንት የተተየበ ነው፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደል ትርምስ ነው። ይህስ ይመለሳል?

ዳታ_ልጅ፦
ይመለሳል መምህር፣ ግን በሌላ መንገድ ነው። ዩኒኮድ ሳይስፋፋ በፊት የነበሩት ፎንቶች የላቲን ኮድ ላይ የግዕዝ ሥዕል ነበር የሚስሉት፣ ፋይሉ ውስጥ ያለው በእውነት የላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ ገበታ የሚለውጠው አይኮንቭ ወይ ገበታ የሚለየው ኤምቢ_ዲቴክት_ኢንኮዲንግ አይረዳም፣ ለነሱ ፋይሉ ጤነኛ ነው። ፎንቱን በስም ለይቶ የዛን ፎንት የፊደል ሰንጠረዥ በእጅ ሠርቶ መተካት ነው፣ አንዳንዱ ፎንት አንዱን ፊደል በሁለት ኮድ፣ ገላውንና ቅጥሉን ለየብቻ ስለሚጽፍ ረዣዥሙን ጥምረት መጀመሪያ መተካት ያስፈልጋል። ስትርቲአር በአሬይ ሲሰጠው ረዥሙን አስቀድሞ ነው የሚፈልገው፣ ለዚህ ይመቻል። ዋናውን ፋይል አይንኩት፣ ቅጂው ላይ ይሥሩ።

አዘዞ_ኮደር፦
ደረሰኙ በሥዕል ወጣ! ስሙ ሁለት መስመር፣ ብሩ በቀኝ ተሰልፎ፣ ከ384 ላይ እየቀነስኩ። ለዳኛው አሳየኋቸው፣ ራሳቸው አነበቡት። ኤስኤምኤሱም አሁን በአንድ ይሄዳል። አንድ ብቻ ቀርቶኛል፣ የድሮው ደብተር ላይ የቤት ቁጥር በግዕዝ ቁጥር ነው ያለው፣ ፻፳፬ እያለ፣ ጸሐፊያችንም እንዳለ ነው ያስገቡት፣ ጽሑፍን ወደ ቁጥር በሚለውጠው ኢንትቫል ሳስለውጠው 0 ይመልሳል።

ዳታ_ልጅ፦
አይለውጥልህም፣ ፓይተንም አይለውጥም፣ ፓይተን ላይ ፩ ኢዝዲጂት (ቁጥር ነው ወይ) ሲባል ትሩ (አዎ) ይላል ግን ኢንት ብለህ ወደ ቁጥር ልለውጠው ስትል ስህተት ያወጣል፣ በሱ አትታለሉ። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፣ ቦታ ላይም አይመሠረትም፣ ስለዚህ ራስህ ጻፈው። ከ፩ እስከ ፱ ከ1369 እስከ 1371 ናቸው፣ ከ፲ እስከ ፺ ከ1372 እስከ 137ኤ፣ ፻ 137ቢ ነው፣ ፼ 137ሲ። ለቤት ቁጥር እስከ ፻ ይበቃሃል። በኤምቢ_ስትር_ስፕሊት ፊደል በፊደል ለየው፣ አሃድና አስር ስታገኝ ደምር፣ ፻ ስታገኝ እስካሁን የደመርከውን በ100 አባዛ፣ ከፊቱ ምንም ከሌለ 100 ብለህ ያዝ፣ ከዛ መደመሩን ቀጥል። ፪፻፭ 205 ይሆናል፣ ፲፱፻፺፪ ብታስገባው 1992 ይመጣል።

አዘዞ_ኮደር፦
ሠራ። ፻፳፬ 124 ሆኖ ገባ፣ ደብተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍም እንዳለ በሌላ ዓምድ አስቀምጬዋለሁ።